ልክ የሆነው ጊር ለምን ቆለፈ? የአንድ ሽመና ድርጅትና የአንድ ወርክሾፕ ጉዳይ ከኮምቦልቻ

ጉዳዩ ስለ አንድ ነጭ የናይለን ጊር ነው። ከዳር እስከ ዳር 100 ሚሊሜትር ይሆናል። 48 ጥርስ አለው። ሽመና ማሽን ውስጥ ከአንድ የብረት ጊር ጋር ተጠምዶ ይዞራል። እሱ ከተሰበረ ማሽኑ ይቆማል። ማሽኑ ከቆመ ሠራተኛዋ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች፤ የዕለቱ ሜትርም ይጎድላል።

ይህን ጊር ኮምቦልቻ ላይ ለመሥራት አራት ሰው አስፈልጓል። አራቱም ሙያቸውን ያገኙት ከተለያየ ቤት ነው። አንዳቸውም ብቻቸውን አይወጡትም ነበር። እኔ በኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ትናንሽ ድርጅቶችን በሙያ በመደገፍ፣ ሥራዬ ጉዳዩን በቅርብ ተከታትዬዋለሁ። ድርጅቶቹንም ሰዎቹንም በስም አልጠራም፤ ሁሉም እዚሁ ከተማ ሠርተው የሚያድሩ ናቸው።

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ለወረደ ሰው ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳና ብረታ ብረት ፋብሪካዎች አሏት። ሐምሌ 2009 ላይ ደግሞ በ75 ሄክታር ላይ ያረፈው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ነው። ፖሊቴክኒክ ኮሌጁም አለ። አንድ ከተማ ላይ ይህን ያህል ማሽን ሲሰበሰብ ማሽን የሚያውቅ እጅም አብሮ ይሰበሰባል።

ከዚያ መከራው መጣ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ፋብሪካዎች ተዘረፉ፤ ፓርኩም አልተረፈም። ታህሳስ 23 ቀን 2014 ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል፣ ተሰረዘች። ያለ ቀረጥ አሜሪካ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ ተጫነበት። በየፓርኩ ሥራ ቀነሰ፣ ሰውም ተበተነ። ስለ ጠፋው ንብረት ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ተወርቷል። ስለ ተበተነው ሙያ ግን ያን ያህል አልተወራም። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የተዘረፈ ማሽን በብድርም ቢሆን ይተካል። አንድ መካኒክ በዕድሜ ልኩ ያጠራቀመው ግን በምን ይገዛል?

የሽመናው ድርጅት ትንሽ የግል ድርጅት ነው። ያገለገሉ ማሽኖች ከውጭ አስገብቶ አቡጀዲና የአልጋ ልብስ ጨርቅ ይሠራል። የማሽኖቹ መመሪያ ከቢሮው ወረቀት ጋር በዘረፋው ጊዜ ጠፍቷል። ጊሩ ሲሰበር አዲስ አበባ ካለ አስመጪ ያዝዙ ነበር። ዋጋው ቢያማርርም ይገኝ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የጊሩም ዋጋ አብሮ ወጣ። ባለቤቷ፣ ጠንካራ ሴት ናት፣ የጥገና ኃላፊዋን ጠርታ "እዚሁ የሚሠራ ሰው ፈልግልኝ" አለችው።

የጥገና ኃላፊውና የወርክሾፑ ባለቤት የተገናኙት በጨረታ አይደለም። የአንድ ዕቁብ አባላት ናቸው። አንድ እሑድ ዕጣው ወጥቶ ቡና ሲጠጣ ኃላፊው የተሰበረውን ጊር ከፌስታል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ይሄን ትሠራዋለህ?"

"ለምን አልሠራውም?"

ውል የለ፣ ሥዕል የለ። ሥራው እንዲህ ተጀመረ።

የወርክሾፑ ባለቤት ቶርኖ የተማረው ከአጎቱ ነው። አሁን አንድ ቶርኖና ጥርስ የሚያወጣበት አንድ አሮጌ ፍሬሳ አለው። ጥርስ ማውጣት ይችልበታል። 48 ጥርስ ለማውጣት የዲቫይዲንግ ሄዱን፣ ዙሪያውን እኩል የሚከፋፍለውን መሣሪያ፣ እጀታ በየጥርሱ አምስት ስድስተኛ ዙር ማዞር ያስፈልጋል። ባለ 18 ቀዳዳው ክብ ላይ 15 ቀዳዳ ማለት ነው። ይህን በቃሉ ነው የሚያውቀው፤ እጁ ቀዳዳ እየቆጠረ አፉ ሌላ ወሬ ያወራል። ናይለኑን መርካቶ ገዛ። ነጭ ድቡልቡል ዘንግ ነው።

የመጀመሪያውን ጊር የተሰበረውን ለክቶ ሠራው። የተለካው ግን ያለቀ ዕቃ ነው። ካሊፐሩ ከ99 ሚሊሜትር ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ቁጥር አሳየ። እንደተለካ ተሠራና ተገጠመ። ዞረ፤ ግን ይንኳኳል። ሠራተኛዋ "ሆዴን ያመኛል ድምፁ" ብላ አማረረች።

የወርክሾፑ ባለቤት ተቆጨ። ኮሌጁ በሰጠው አጭር ሥልጠና የተማረው ሒሳብ ትዝ አለው። የጥርሱን ቁጥር ወስደህ ሁለት ትጨምራለህ፤ ከዚያ በጥርሱ መጠን ታባዛለህ። 48 ሲደመር 2፣ 50። የጥርሱ መጠን፣ ባለሙያ ሞጁል የሚለው፣ 2 ነው። ስለዚህ ጊሩ ሲወለድ 100 ሚሊሜትር ነበር። ሁለተኛውን ልክ 100 አድርጎ ሠራው። ሌላ ማሽን ላይ ተገጠመ። ድምፁ ጠፋ። ሁሉም ተደሰተ። እንዲያውም ተጨማሪ ታዘዘ።

ሳምንታት አለፉ። ከዚያ ልክ የሆነው ጊር ቆለፈ፣ አልዞር አለ፤ ጥርሱም ረገፈ። ሌላ ተገጠመ፤ እሱም ቆየት ብሎ ቆለፈ። የሚንኳኳው፣ ልኩ የተሳሳተው የመጀመሪያው ጊር ግን እስከዚያ ድረስ ይዞራል።

እኔ ከጉዳዩ ጋር የተዋወቅሁት እዚህ ላይ ነው። ስደርስ ሁለቱ ወገኖች ተኮራርፈዋል። ወርክሾፑ "ጊሩ የሚዞርበት የማሽን ዘንጋችሁ ጎብጧል" ይላል። ሽመናው "ቶርኖህ ልኩን ስቷል" ይላል። የዕቁቡ ወዳጅነት ባይኖር ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ዕቁብ ግን ሳምንት በሳምንት ፊት ለፊት ያስቀምጣል። የተኮራረፈ ሰው እንኳ ዕጣውን ትቶ አይቀርም።

የጥገና ኃላፊው ፓርኩ ውስጥ ያለ የውጭ ድርጅት ሠራተኛ ነበር። እዚያ አንድ ልማድ ለምዷል። ማሽን በቆመ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሺፍቱንና የተቀየረውን ዕቃ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ሽመናው ቤት ሲቀጠር ማንም አላዘዘውም። ሰማያዊ ደብተር ገዝቶ በራሱ ጀመረ። ልጆቹ "ጸሐፊው" እያሉ ያሾፉበት ነበር። ደብተሩን አብረን ስናገላብጥ አንድ ነገር ጎልቶ ወጣ። ልክ ከሆኑት ጊሮች በተገጠመ በሳምንቱ የቆለፈ የለም። ሁሉም የቆለፉት ከሳምንታት በኋላ ነው። ዘንግ ከጎበጠ ጊሩ ገና በመጀመሪያው ቀን ይጣላል። ቶርኖው ልኩን ከሳተም እንደዚያው። ስለዚህ ጊሩ ከተገጠመ በኋላ የሚለወጥ ነገር አለ ማለት ነው።

የወርክሾፑ ባለቤት ደግሞ ሌላ መላ አመጣ፦ በብረት እንሥራው። እዚህ ላይ ነው ጡረተኛው መካኒክ የገቡት። ድሮ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ረጅም ዘመን የሠሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ይኖራሉ። የጥገና ኃላፊው ለምኖ አስመጣቸው። በሚኒባስ ሐረጎን ወርደው መጡ።

"ጋሼ፣ ብረት ብናደርገውስ? አይሰበርም እኮ።"

"እሱ ባይሰበር ያኛው ይሰበራላ፣ ልጄ! ይሄ እንዲሰበር ተብሎ ነው የተሠራ። ክር ሲጠላለፍ፣ ማሽን ሲደናገጥ፣ እሱ ይሰበርና ዘንጉ ይተርፋል። ብረት ብታደርገው ዘንጉን ከየት ታመጣዋለህ?"

የወርክሾፑ ባለቤት ዝም አለ። ይህን መመሪያው ላይ እንኳ ቢፈልግ አያገኘው ይሆናል። የአንድ ዕቃ ድክመት ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑን የሚያውቀው ብዙ ስብራት ያየ ሰው ነው።

ሰውዬው ሌላም ነገር አነሱ፤ እግረ መንገዳቸውን፣ ዋና ነገር ሳይመስላቸው። "እኛ ጋ አዲስ ናይለን ሲመጣ መጋዘን አናስቀምጠውም ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ሲቆይ ነው የሚገጠም።" ለምን እንደሆነ ተጠየቁ። "አለቃችን እንዲህ አድርጉ ብሎ ነበር፤ ሲደረግ ይሠራል" አሉ።

አራተኛዋ ለተግባር ልምምድ የመጣች የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ናት። ዝምተኛ ልጅ ናት። ሽማግሌው ስለ ሚስማሩ ሲያወሩ ቀና አለች። "ጋሼ፣ አዳራሹ ውስጥ ውሃ ትረጩ ነበር?" አለቻቸው። "አዎና! ካልረጠበ ክሩ ይበጠሳል" አሏት። ልጅቷ የተቀረውን እዚያው አስረዳችን።

የጥጥ ክር እርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል። ለዚህ ነው ሽመና አዳራሽ አየሩ እንዲረጥብ የሚደረገው። ናይለን ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ናይለን 6 የሚባለው ዓይነት እስኪጠግብ ከተተወ ከክብደቱ 9 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። በሽመና አዳራሽ አየር ውስጥ የሚያብጠው ከስፋቱ ወደ 1 በመቶ ሊጠጋ ይችላል። 100 ሚሊሜትር በሆነ ጊር ላይ ይህ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በሁለት በተጠመዱ ጥርሶች መካከል የሚተወው ክፍተት ግን የሚሊሜትር አሥረኛ ያህል ነው። ወፍራም ናይለን ውሃውን የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ሳምንታት ይወስድበታል። የበጋው ደረቅ አየር በሚነፍስበት ወርክሾፕ ልክ ሆኖ የወጣ ጊር አዳራሹ ውስጥ ሲከርም ልኩን ያልፋል። የመጀመሪያው ጊር ከልኩ ያነሰ ስለነበር ማበጫ ቦታ ነበረው። የተረፈው በዚህ ነው።

ወርክሾፑ አዳራሹ ውስጥ ውሃ እንደሚረጭ አላሰበም፤ ገብቶበት አያውቅም ነበር። ሽመናው ቤት ናይለን ውሃ እንደሚጠጣ የሚያውቅ አልነበረም። ሽማግሌው ዘዴውን ይዘዋል፣ ምክንያቱን አልያዙም። ተማሪዋ ምክንያቱን ይዛለች፤ የሽመና አዳራሽ ስታይ ግን የመጀመሪያዋ ነው። ደብተሩ ባይኖር ደግሞ የሽማግሌው ወሬ እንደ ማንኛውም የድሮ ጨዋታ ተሰምቶ ባለፈ ነበር። እኔ ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አራቱን በአንድ ቀን ማሽኑ አጠገብ አቆምኳቸው። በስልክ ቢሆን ይህ ወሬ አይወጣም ነበር። ሽማግሌው ሚስማሩን ያነሱት ግድግዳው ላይ ሚስማር አይተው ነው።

እንግሊዛዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሃሪ ኮሊንስ በፈረንጅ 1970ዎቹ አንድ የሌዘር ዓይነት ለመሥራት የሚጥሩ የብሪታንያ ቤተ ሙከራዎችን አጥንቶ ነበር። የታተመ ጽሑፍ ብቻ ይዞ የተሳካለት አንድም አላገኘም። የተሳካላቸው ቀድሞ ከሠራ ሰው ጋር በአካል የተገናኙት ናቸው። እነዚያ የፊዚክስ ሊቃውንት ናቸው፤ ወረቀት ማንበብ አያንሳቸውም። ለእነሱ ወረቀት ካልበቃ ለአንድ የኮምቦልቻ ወርክሾፕ በሥዕል ብቻ ሥራ ይወጣል ብሎ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

መፍትሔው ያን ያህል አልከበደም። ናይለኑ መጀመሪያ በሻካራው ይወጣል፤ ልኩ ላይ ትርፍ ይተዋል። ከዚያ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ቀጥሎ ሽመናው አዳራሽ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይከርማል። ክብደቱ መጨመር ሲያቆም በፌስታል ተጠቅልሎ ወደ ወርክሾፑ ይመለሳል፤ መጨረሻውን ልክና ጥርሱን ያገኛል። ሌላ ጥቅምም ተገኘ። ደረቅ ናይለን ሲመታ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ እርጥበት የያዘው ግን ምት ይችላል። በዚህ መንገድ የተሠሩት ጊሮች አልቆለፉም።

ተማሪዋ አንድ ነገር ጨምራለች። ገበያ ላይ ነጭ ፕላስቲክ ሁሉ "ቴፍሎን" እየተባለ ይሸጣል። ሻጩ ራሱ አይለየውም። ልጅቷ ቁራጭ ይዛ መጣችና ጨው እስኪጠግብ የሟሟበት ውሃ ውስጥ ጣለችው። ናይለን እዚያ ላይ ይንሳፈፋል። አሴታል የሚባለውና እውነተኛው ቴፍሎን ይሰምጣሉ። በተራ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ከሆነ ደግሞ ፖሊኢትሊን ወይም የመሰለው ቀላል ፕላስቲክ ነው፤ ለጊር አይሆንም። አሴታል ውሃ የሚጠጣው በጣም ጥቂት ስለሆነ ከተገኘ ይህ ሁሉ መዘፍዘፍ ይቀራል። የወርክሾፑ ባለቤት አሁን መርካቶ ሲወርድ ጨው ይዞ ነው የሚሄደው። ሻጮቹ መጀመሪያ ሳቁበት። አሁን አንዱ ራሱ ጨው ውሃ አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ያላማረውን ልናገር። ሽማግሌው ለዚህ ሁሉ ያገኙት ምሳና የሚኒባስ ሒሳብ ነው። "ጋሼ ምርቃት ይበቃቸዋል" ያለ ሰውም ነበር። ይህን አልቀበልም። ሽመናው ድርጅት ለአንድ የውጭ ባለሙያ ቢሆን የአውሮፕላንና የሆቴል ይከፍል ነበር። የሰውየው እውቀት የቆመ ማሽን አስነስቷል፤ ሊበላሽ የነበረ ዘንግ አድኗል። ሽማግሌ ስለሆኑ፣ ትሁት ስለሆኑ፣ "እናንተው ተጠቀሙበት" ስላሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ጉዳዩን ለባለቤቷ አነሳሁት። ቅር አላላትም፤ እንዲያውም ቀድሞ ስላልተነገራት አዘነች። አሁን በመጡ ቁጥር የቀን አበል አላቸው። እሳቸው የጠየቁት ግን ሌላ ነው፦ አንድ ወጣት ደብተር ይዞ እንዲከተላቸው። ተመድቦላቸዋል።

በእኔ ሙያ ላይም ቅሬታ አለኝ። ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የምንሰጠው ድጋፍ አራት ነው፦ የቴክኒክ ክህሎት፣ ካይዘን (ሥራን ጥቂት በጥቂት የማሻሻል የጃፓን ዘዴ)፣ ሥራ ፈጠራና ቴክኖሎጂ። ቴክኖሎጂው ላይ ሪፖርት የሚደረገው "ይህን ያህል ቴክኖሎጂ ተቀድቶ ተሸጋገረ" ተብሎ ነው። ሁለተኛው ጊር በዚህ ሚዛን ሙሉ ነጥብ ያገኝ ነበር። ልኩ ልክ፣ ጥርሱ ልክ፣ ፎቶውም ያምራል። ከሳምንታት በኋላ መቆለፉን የሚጠይቅ ቅጽ የለም። ቅጹ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር ብዬ አስባለሁ፦ ዕቃው ከሦስት ወር በኋላ ሥራ ላይ ነው ወይ?

ካይዘን ላይም እንዲሁ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት 2004 ላይ ከተቋቋመ ወዲህ አምስቱ "ማ"ዎች፣ የሥራ ቦታ ማደራጃ ደንቦቹ፣ በየፋብሪካው ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ጥሩ ነገር ነው። ግን የጥገና ኃላፊው ሰማያዊ ደብተር ከፖስተሩ በላይ ሠርቷል። ከአንድ ድርጅት ወጥቶ ሌላው የገባ ልማድ ነው። ሰው ሲለቅ የሚቆጩ ባለሀብቶች አሉ፤ "አሠልጥኜ ለሌላ ሰጠሁ" ይላሉ። ቁጭታቸው ይገባኛል። ለከተማዋ ግን ያ ልማድ አልባከነም።

አሜሪካውያኑ ዌስሊ ኮኸንና ዳንኤል ሌቪንታል በፈረንጅ 1990 ያነሱት ሐሳብ እዚህ ላይ ይሠራል። አንድ ድርጅት ከውጭ የሚመጣ እውቀትን መቅሰም የሚችለው ቀድሞ ውስጡ ባለው እውቀት ልክ ነው። ተማሪዋ ያንኑ ነገር ደብተር ለሌለው ድርጅት ብትናገር ማን ይሰማት ነበር? ጊር ሠርቶ ለማያውቅ ወርክሾፕ ብትናገርስ?

ነገሩ በዚህ አላለቀም። ከተማው ውስጥ ያለ ሌላ ወርክሾፕ ጊሩን አይቶ ገለበጠው። በቀነሰ ዋጋም ለሌላ ደንበኛ ሸጠው። ቅርጹ አንድ ነው። ዝፍዘፋውን ግን አላወቀም። ቆለፈበት። ደንበኛው ጮኸበት። ሰውየው አፍሮ ወደ እኛው ወርክሾፕ መጣና "ምን እያደረግህ ነው?" ብሎ ጠየቀ።

የእኛው ሰው መጀመሪያ አልናገርም አለ። አልፈርድበትም። ገበያው ጠባብ ነው፤ ምስጢሩም የልፋቱ ዋጋ ነው። የሽመናው ባለቤትም በበኩሏ "የእኔ ማሽን ላይ የተገኘ ነው፤ እኔን ሳይጠይቅ አይስጥ" አለች። እሷም እውነት አላት። ያኔ አንድ ጥናት አነሳሁላቸው። ኤሪክ ቮን ሂፐል በፈረንጅ 1987 ባወጣው ጥናት የአሜሪካ ትናንሽ ብረት ማቅለጫዎች መሐንዲሶች ለተፎካካሪ ድርጅት ባልደረቦቻቸው ሙያ ሲለዋወጡ አግኝቷል። የሚሰጡት ግን በነጻ አይደለም፤ ነገ ሲቸገሩ መልስ ከሚሰጣቸው ሰው ጋር ነው የሚለዋወጡት። መልስ የማይሰጥ ከሰንሰለቱ ይወጣል።

ይህ ለሁለቱ ወርክሾፖች ገባቸው። የሁለተኛው ወርክሾፕ ሰው አንድ ነገር በደንብ ያውቃል፦ ዘንግ አሙቆ ማጠንከር። የእኛው ሰው የሚሠራው ዘንግ ቶሎ የሚበላው ይህን ስለማይችል ነው። በሽመናዋ ባለቤት ፈቃድ ተስማሙ። አንደኛው ዝፍዘፋውን ያሳያል፤ ሌላው እሳቱን። በሥዕልና በወሬ ሳይሆን እያንዳንዱ የሚያምነውን ልጅ ወደ ሌላው ወርክሾፕ ይልካል፤ ልጁም አብሮ እየሠራ ይማራል። የየራሳቸውን ደንበኛ ላለመንካትም ቃል ተገባብተዋል። ቃሉ በጽሑፍ ይሁን ብዬ ነበር። በዕቁቡ ዳኛ ፊት መሆኑ ይበቃናል አሉ።

እስካሁን የመጀመሪያው የጠነከረ ዘንግ ተገጥሟል። ሁለተኛው ወርክሾፕም የመጀመሪያዎቹን ዝፍዝፍ ናይለኖች ሰቅሏል። የዘንጉ ቀን ሰማያዊው ደብተር ላይ ተጽፏል። ዋጋ ላይ ግን ገና አልተስማሙም፦ የማጠንከሩን ሒሳብ ሽመናው ይክፈል ወይስ ወርክሾፑ የሚለው ለመጪው እሑድ ተቀጥሯል።